የቦታ ድምፅና የአማርኛ ፊልም፦ በድምፅ ንድፍ ሥልጠና ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ አማርኛ ፊልም የሚጻፈው ሂስ ድርሰቱን፣ ትወናውንና የካሜራውን ሥራ በስፋት ሲመረምር፣ ድምፁን በሚመለከት ግን «ጥራት ይጎድለዋል» ከሚል ጥቅል ፍርድ እምብዛም አያልፍም፤ የዚህ ቸልታ ምንጭም በአብዛኛው ሥልጠናው ነው። የድምፅ ንድፍ ወይም ሳውንድ ዲዛይን የሚባለው ሙያ ንግግርን፣ የአካባቢን ድምፅ፣ የእንቅስቃሴን ድምፅ፣ ሙዚቃንና ዝምታን አዋቅሮ ለታሪኩ የሚያውል ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ በአጫጭር የፊልም ሥልጠናዎች አብዛኛውን ጊዜ የኤዲቲንግ ትምህርት ጭራ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ ሠልጣኙ ማዳመጥን ሳይማር ሶፍትዌርን፣ መቅዳትን ሳይለማመድ ማጽዳትን ይይዛል።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚሰማው በሩም ቶን ላይ ነው። ሩም ቶን ማንም ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ አንድ ክፍል ወይም ሜዳ የሚያሰማው የራሱ ስስ ድምፅ ሲሆን፣ ተዋንያኑና ባለሙያዎቹ በየቦታቸው ጸጥ ብለው እንደቆሙ ለግማሽ ወይም ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቀዳል፤ ኋላም በተቆራረጠው ንግግር መካከል እየገባ ትዕይንቱ በአንድ ቦታ የተፈጸመ መሆኑን ለጆሮ ያረጋግጣል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር በየመጋጠሚያው ድምፅ አልባ ክፍተት ይፈጠራል፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ ካሜራ የተስፋፋው የፊልም ሥራም ክፍተቱን በኪቦርድ ማጀቢያ መድፈንን ልማድ አደረገው። ተዋናይዋ ሳታለቅስ ዋሽንቱ ቀድሟት የሚያለቅስባቸው ትዕይንቶች ከዜማ ፍቅር እንደመነጩ ተቆጥረው ሲወደሱ ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ ያልተቀዳ ክፍል መሸፈኛ ከመሆን አያልፉም።

የሚሸፈነው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ሰበታን ማዳመጥ ይበቃል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ይህች ከተማ የጅማ መንገድ ከባድ መኪኖች የሚያልፉባት፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚነሣባት፣ በገበያዋ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየተቀያየሩ የሚሰሙባት ናት። ድምጿ ከሱሉልታ ሜዳ ነፋስም ሆነ የአምቦ መንገድ ከሚያቋርጠው ቡራዩ ይለያል። በስቱዲዮ ንግግሩ እንደገና ሲቀዳ ግን ሦስቱም ከተሞች አንድ ስም የለሽ ግቢ ይሆናሉ። የድምፅ ባለሙያ ተግባር የትኛው ድምፅ እንዲቀር፣ የትኛው እንዲወጣ መወሰን ሲሆን፣ ማጽዳት ብቻ የተማረ ሠልጣኝ ይህን ውሳኔ የመወሰን ዕድል አያገኝም።

የሚያስቆጨው፣ አማራጩ ትምህርት ቤት በአገር ውስጥ መኖሩ ነው፤ እርሱም የሬዲዮ ድራማ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት»ን የመሰለ ተከታታይ ድራማ፣ አድማጩ የሚያየው ነገር ስለሌለው፣ ቦታን በእግር ኮቴ፣ በበር ድምፅና በርቀት ማስረዳት ግዴታው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው «አፖካሊፕስ ናው» ፊልም የድምፅ ንድፍ ሙያን ስም ያስጠራው ዋልተር መርችም መንገዱን የጀመረው በልጅነቱ በቴፕ ድምፅ እየቀዳና እየቆራረጠ ነው።

በዚያችው በሰበታ፣ ለረጅም ዘመን ዓይነ ስውራንን ሲያስተምር የቆየው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ግድግዳ መቅረቡን ከበትር ምት ነጸብራቅ የሚለይ ጆሮ ከማንኛውም የስቱዲዮ ስፒከር የላቀ የፊልም ድምፅ መርማሪ ነው፤ ስለዚህ አሠልጣኞች የተማሪዎቻቸውን ሥራ ስክሪኑን አጥፍተው ከእንዲህ ዓይነት አድማጮች ጋር ያዳምጡት፣ ታሪኩ የት እንደተፈጸመ ይጠይቋቸው፣ መልስ ያልተገኘለትን ትዕይንትም ወደ ቀረጻ ቦታው ይመልሱት።