የዐለት ማግኔት ምስክርነት፤ በፕሮፌሰር ቬንሳን ኩርቲዮ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ፈረንሳዊው የመሬት ፊዚክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ቬንሳን ኩርቲዮ ስለ ሕያዋን ፍጥረታት የጅምላ መጥፋት የጻፉት መጽሐፍ በ1995 ዓ.ም. በቋንቋቸው፥ በ1999 ደግሞ በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ዋናው ሐሳባቸው ይህ ነው፦ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችና ሌሎች ብዙ ዝርያዎች ለጠፉበት መከራ ከሰማይ ከወደቀው ድንጋይ ይልቅ ዋነኛው ተጠያቂ በሕንድ አገር የፈሰሰው የደካን እሳተ ገሞራ ነው።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ማስረጃው ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንመልከት። የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ፥ ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ዝቅ ሲል፥ በውስጡ ያሉት የማግኔታይት ቅንጣቶች በዚያን ጊዜ የነበረውን የመሬት ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። የመሬት ማግኔት ደግሞ በየዘመኑ ሲገለባበጥ ኖሯል፤ ዛሬ ሰሜንን የሚያሳየን ኮምፓስ በግልብጡ ዘመን ቢኖር ኖሮ ደቡብን ባሳየን ነበር። ስለዚህ በሩቅ አገር ያሉ ዐለቶችን በዚህ ምልክት ማስተያየት ይቻላል።

በኢጣሊያ፥ ጉቢዮ ከተማ አጠገብ፥ ዊልያም ላውሪ፥ ዋልተር አልቫሬዝና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ ዓመታት የባሕር ኖራ ድንጋይ ንጣፎችን በየተራ ለክተው፥ የጥፋቱ ወሰን የሆነችው ስስ የሸክላ አፈር በአንድ ግልብጥ ዘመን ውስጥ እንደምትገኝ አሳዩ። ይህ ዘመን «29 ግልብጥ» ይባላል። በ1980 እነ አልቫሬዝ ኢሪዲየም የተባለውን ብርቅ ንጥረ ነገር ከልክ በላይ አግኝተው የሰማይ ድንጋይን ነገር ያነሡትም ከዚችው አፈር ነው።

በ1986 ኩርቲዮና ባልደረቦቻቸው አብዛኛው የደካን ገሞራ የፈሰሰው በዚያው በ29 ግልብጥ መሆኑን አስታወቁ። የቀድሞው የዕድሜ ልክ እጅግ የተበታተነ ስለ ነበር ፍሰቱ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተንዛዛ ይመስል ነበር፤ ማግኔቱ ይህን ግምት አፈረሰ። ደራሲው በዚህ ሥራ ሊመሰገኑ ይገባል። መጽሐፉም እዚህ ላይ እንደ ጥሩ የፍርድ ቤት ክርክር ይነበባል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። 29 ግልብጥ ወደ 700 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ የሰማይ ድንጋይ መውደቅ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለት ሰዎች በምኒልክ ዘመን ኖሩ ቢባል ተያይተዋል ማለት አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ገደለ ለማለትማ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ኩርቲዮ ይህን የማያውቁ ሊቅ አይደሉም፤ ነገር ግን ከ«አብሮ ነበረ» ወደ «ምክንያቱ እሱ ነው» ሲሻገሩ ድልድዩ ቀጭን ነው። የተቃዋሚዎቻቸውም ድልድይ፥ በማግኔት ብቻ ሲመዘን፥ ከዚህ የሚወፍር አይደለም፤ እነሱ የሚደገፉት በኢሪዲየሙና በ1991 በሜክሲኮ በታወቀው በቺክሹሉብ ጕድጓድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ማግኔት ከዚህ የረቀቀ ነገርም ይናገራል። አቅጣጫው ሳይገለበጥም በየመቶ ዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይዛወራል። ተደራርበው የተገኙ ብዙ የገሞራ ንጣፎች አንድ ዓይነት አቅጣጫ ካሳዩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ፈስሰዋል ማለት ነው። ኩርቲዮ የተካፈሉበት ቡድን በ2008 እና በ2009 ደካንን በዚህ መንገድ መርምሮ ታላላቅ ፍሰቶች በድንገት እንደ ወረዱ ገልጿል። መጽሐፉ ይህን ቢይዝ ኖሮ እጅግ በበረታ። ያም ሆኖ ክርክሩ አልተዘጋም፤ በ2019 ሁለት ቡድኖች በአንድ መጽሔት፥ በአንድ እትም፥ አንዱ ከጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ታላቅ ፍሰት ነበረ ሲል ሌላው አብዛኛው ገሞራ የፈሰሰው ከጥፋቱ በኋላ ነው ብሏል።

አንድ ምስክር ደግሞ ከአገራችን አለ። ከደባርቅ ቍልቍል በሚጠመዘዘው የሊማሊሞ መንገድ ዳር የተቈለለውን ጥቍር ድንጋይ እነ ኩርቲዮ ራሳቸው፥ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ገዛኸኝ ይርጉ ባሉበት ቡድን፥ ለክተውታል። በ1997 ያወጡት ውጤት አብዛኛው የኢትዮጵያ ገሞራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ አንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈሰሰ ይላል። በዚያ ዘመን የአየር ጠባይ መቀዝቀዝ ተመዝግቧል፤ ከአምስቱ ታላላቅ ጥፋቶች ግን አንዱም አልደረሰም። የእኛው ገሞራ ከደካን ያነሰ ስለ ሆነ ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ታዲያ በደቡብ አሜሪካ ከ134 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የፓራና ገሞራ፥ በብዛቱ ከደካን የማያንስ ሆኖ ሳለ፥ ያን የሚያህል ጥፋት ለምን አላስከተለም?