የ«ጂጂ» አልበምና የጉራማይሌ ጥበብ

የአማርኛ ዘፈን ለግጥም ያደረ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አድማጩ አስቀድሞ የሚጠብቀው ቃሉን ነው፤ ማሲንቆውም ሆነ ክራሩ የሚመሰገነው ስንኙ እስኪያልቅ ታግሦ፣ ሲያልቅም ምስጢሩን ለማሰላሰል ፋታ ስለሚሰጥ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዘፈን አማርኛ ለማያውቁ የባሕር ማዶ ሙዚቀኞች አሳልፎ መስጠት ምን ያስከትላል? ድምፃዊትና ገጣሚ እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚሁ) በአሜሪካ ያወጣችው «ጂጂ» የተባለው አልበም ይህን ጥያቄ በድፍረት የተጋፈጠ ሥራ ነው።

እጅጋየሁ የጎጃም፣ የቻግኒ ልጅ ስትሆን በልጅነቷ በወላጆቿ ቤት ከአንድ ካህን ዜማ የተማረች ናት። ጥቂት ዓመታት በኬንያ ኖራ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከተሻገረች በኋላ ሥራዋን ያሳተመላት ፓልም ፒክቸርስ የተባለው ድርጅት ነው። ባለቤቱ ክሪስ ብላክዌል ቀድሞ የቦብ ማርሌን ሙዚቃ ለዓለም ያዳረሰ ሰው ነው። የአልበሙን አሠራር የመራው ግን የባስ ጊታር ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ነበር። እርሱም በጃዝ ዓለም ስማቸው የገነነውን ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርን፣ ፋሮዋ ሳንደርስንና ሄንሪ ትሬድጊልን፣ ከእነርሱም ጋር ከበሮ መቺውን ሃሚድ ድሬክን ሰበሰበ።

በእውነቱ ከሆነ ይህ የስም ዝርዝር የሚያስፈራ ነው። ሾርተርና ሳንደርስ እያንዳንዳቸው በአንድ ትንፋሽ መድረክ የሚሞሉ የሳክስፎን ሊቃውንት ነበሩና፣ በመካከላቸው የቆመች አንዲት ወጣት ዘፋኝ ብትዋጥ ማንም ባልተደነቀ ነበር። አልተዋጠችም።

ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ «ጉራማይሌ» ይባላል። ጉራማይሌ እንደሚታወቀው እየዘለሉ የሚነቀሱት የድድ ንቅሳት ነው፤ ጥቁሩ በቀዩ አጠገብ ይቀመጣል እንጂ ከቀዩ ጋር አይደባለቅም፤ ውበቱም እዚያው ላይ ነው። ዛሬ ቃሉን ለተደበላለቀ ንግግር መስደቢያ አድርገነዋል። እኔ ግን ለዚህ አልበም አሠራር ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም። አልበሙ በሚያምርበት ቦታ ሁሉ እንግዳው መሣሪያና የአገሩ ድምፅ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ በየቀለሙ ቆሞ እናገኘዋለን። ባሱና ከበሮው ሳይለቁ በተመሳሳይ ምት በሚነጉዱበት ቦታ ግን ዘፋኟ እንደ ጎጃም ልማድ ቃሉን ለመለጠጥ፣ ለማቆየትና በድንገት ለመጣል የምትፈልገው ነፃነት ይጠባል፤ ይህ ጉድለት መሸፈን አይገባውም።

አልበሙ በውጭ አገር ሲሞገስ በአገር ቤት ክርክር አስነሥቷል። ነቃፊዎቹ «ወጉን ለቀቀ» ሲሉ የተሳሳቱ አይመስለኝም፤ ነገር ግን የለቀቀው የአጃቢውን ወግ እንጂ የዘፋኟን አልነበረም። ይህንንም በ2003 የወጡ ሁለት ሥራዎች ያስረዳሉ። በመጀመሪያው ላስዌል ያንኑ አልበም እንደገና ቀምሮ፣ ድምፅዋን ወደ ኋላ ገፍቶ መሣሪያውን አነገሠ። ለባዕድ ጆሮ ደስ ሊል ይችላል፤ ለእኛ ግን ባለቤቷ የሄደችበት ቤት ነው፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ የምታጫውት የለችም። በሁለተኛው፣ አቢሲኒያ ኢንፊኒት በተባለ ስም በወጣው «ዛዮን ሩትስ»፣ የኤሌክትሪኩ ድምፅ ቀርቶ ወደ አገር ቤት ቃና ቀረበች። እዚህ ቃሉ ጠርቶ ይሰማል፤ ያ የቀድሞው ፍጥጫ ግን የለም፤ አድማጭም ማን ያሸንፍ ይሆን ብሎ አይሰጋም።

ሁለቱንም ሰምቶ ወደ «ጂጂ» ለሚመለስ አድማጭ «አድዋ» የተባለውን ዘፈን አስቀድሜ እጠቁመዋለሁ። ስለ 1896ቱ ድል ብዙ ዘፈን በፉከራና በነጋሪት ተዘፍኗል። እጅጋየሁ ግን ድሉን እንደ ዕዳ ታነሣዋለች፤ እርሷ ሰው ሆና ትቆም ዘንድ የሞቱትን ሰዎች በዝግታ፣ ሊያለቅስ እንደቀረበ ሰው ታስታውሳለች። አጃቢዎቹ ቃሉን ባያውቁም ከድምፅዋ የሐዘኑን ክብደት የተረዱ ይመስላል፤ ወደ ዳር ፈቀቅ ብለው መድረኩን ለቀውላታል።