ብሩና መቀሱ፦ የድሮ ፎቶግራፎቻችንን እንዴት እናንብባቸው?

በቅርቡ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ባልድዊን ሂልስ ውስጥ ባለ የአንድ ወዳጃችን ቤት የእናቱን አርባ ለማውጣት ተሰብስበን ነበር። ጸሎቱ ካበቃና ምሳው ከተነሣ በኋላ የሟች የልጅ ልጅ ጥግ ጥጉ የተበላ አልበም አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታላላቆቻችን አንድ ነገር ደጋገሙ፤ «ወይ አገር! ምን ዓይነት ሰዎች ነበርን!» ይህችን አባባል ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባሉት ምግብ ቤቶቻችን ግድግዳ ሥር ተቀምጬም ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ልጅቷ ግን ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከረባቱን ያሳመረ አንድ ወጣት ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይሄ ማነው?» ስትል ጠየቀች። የሚመልስላት ጠፋ። አንዱ «ዲፕሎማት ሳይሆን አይቀርም» አለ። በመጨረሻ አንዲት እናት «ስሙን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ» አሉ፤ አርባቸውን ያወጣንላቸውን ሟች ማለታቸው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ዝምታ ነው። እኛ በስደት የምንኖር ሰዎች የድሮ ፎቶግራፍን እንደ ምስክር እናቆመዋለን፤ መስቀለኛ ጥያቄ ግን አናቀርብለትም። ንጉሣዊው ዘመን ይሻል ነበር የሚለውም፣ የለም አይሻልም የሚለውም፣ ፍርዱን አስቀድሞ ጨርሶ ነው አልበሙን የሚገልጠው።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ከቁሱ ልጀምር። የጃንሆይ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምስሉ የተሠራው ከብር ነው፤ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ኪስ የሚገባውን አይደለም። በወረቀቱ ላይ ባለው ጄላቲን ውስጥ የቀሩት ደቃቅ የብር ቅንጣቶች ፎቶው በደንብ ከታጠበ ስልሳም ሰባም ዓመት ሳይደበዝዙ ይቆያሉ። ባለ ቀለሙ ፎቶ ግን ሲታጠብ ብሩ ይወጣል፤ የሚቀሩት ሦስት ማቅለሚያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ይሸጡ በነበሩት በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ ከሦስቱ አንዱ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠፋል። ምስሉም እያደር ይቀላል። ስለዚህ በአንድ አልበም ውስጥ የ1950 ዓ.ም. ሠርግ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ከአብዮቱ በኋላ የተነሣው የልደት በዓል የዛገ ቆርቆሮ መስሎ ይገኛል። ዓይናችንም «ያ የጠራ ዘመን፣ ይሄ የደፈረሰ ዘመን» ይለናል። የቀይ ሽብር ወሬ እየሰማን ላደግን ሰዎች ደግሞ ቀይ ቀለም ያለ ትርጉም አይታየንም። ከናፍቆታችን ግማሹ የኬሚስትሪ ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። (እሺ፣ አጋንኜ ይሆናል፤ ሲሶው ይሁን።)

ሌላው የፊቱ ነገር ነው። በድሮ ፎቶ ላይ ሰው አይስቅም፤ እኛም «ኩራቱን እዩት!» እንላለን። የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ፎቶግራፍ አስቡ። አባቱ መቅደላ ላይ የሞቱት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ብዙም ሳይቆዩ በመንገድ ላይ ዐረፉ። በዚያው ክረምት የሰባት ዓመቱ ልጅ እንግሊዝ አገር፣ ዋይት ደሴት ላይ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። በሷ አሠራር ተነሺው ደቂቃዎች ያህል ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ፊቱ ላይ ሐዘን የለም አላልኩም፤ በዚያ ዕድሜና በዚያ ዓመት እንዴት አይኖር! ግን ሐዘኑን የነገረን ፎቶው ነው ወይስ ታሪኩን አስቀድመን ማወቃችን? በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር መቀበሩን፣ በ2023ም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አፅሙን አልመልስም ማለቱን የሚያውቅ ሰው ያንን ፊት ባዶውን ሊያየው አይችልም። የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በአባቴ ወጣትነት ካሜራው የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ አይፈልግም ነበር። አባቴ እንደሚለው፣ አለመሳቁ ጨዋነት ነበር፤ ኮትና ከረባቱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ተነሺውን ይጠብቅ ነበር። ለብሰህ ትነሣለህ፣ አውልቀህ ትሄዳለህ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት መጻሕፍት ከመደርደሪያዬ አይወርዱም። አንዱ ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት፣ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች የተሰበሰቡበት ነው። ድካማቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ካሜራ የያዘው ወይ የውጭ አገር ተጓዥ ነው፣ ወይ እንደ አርመኑ በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነው። ስለዚህ የዘመኑን ፎቶግራፎች ስናገላብጥ መሃል የተቀመጠው መኰንን በስሙ ይታወቃል፤ ጋሻውን የያዘለት፣ በቅሎዋን የሳበለት ግን ብዙውን ጊዜ ስም የለውም። ሁለተኛው በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ነው። የከተማዋ ሰዎች ከየቤታቸው አልበም ያወጧቸውን ፎቶግራፎች ይዟል፤ ሰው ራሱ የመረጠውን ራሱን ያሳያል። ትልቅ እርምጃ ነው። በበኩሌ ቅሬታዬ በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን በእኛ አነባበብ ላይ ነው። ከፎቶው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ዘለን ቀሚሱንና የፀጉሩን አበጣጠር እናደንቃለን። አልበም የነበረው ሰው አልበም መግዣ የነበረው ሰው መሆኑንም እንረሳለን።

በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሡ በሚወርዱበት ዋዜማ፣ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ ወይም ሰምታችኋል። ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተሰፍቶ ቀረበ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ደርግ የጨመረው ስፌቱን ነው። ታዲያ ዛሬ እኛ የምናደርገው ምንድን ነው? ያንኑ ስፌት ተርትረን ግብዣውን ብቻ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን። በእነዚያ የሠርግ ፎቶዎች ወራት ወሎ ውስጥ የነበረው ሰው በፌርፋክስ ግድግዳዎች ላይ የለም።

ጠዋት ጠዋት የምሄድበት የባልድዊን ሂልስ መናፈሻ በአንድ ወቅት የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1963 ተደርምሶ አምስት ሰው ገደለ። ከዚያ በፊት የተነሡት ፎቶዎች ያምራሉ፤ ውሃው ጸጥ ብሎ ሰማዩን ያሳያል። ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት የሚጠቅሙት ግን ውሃው ካለቀ በኋላ ወለሉ ላይ የታየው ስንጥቅ የተነሣባቸው ናቸው። ማንም ግድግዳው ላይ አይሰቅላቸውም።

በእናቴ አልበም ውስጥም እንዲህ ያለ አንድ አለ። አክስቴ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቆማለች፤ ከግራዋ ወገን ፎቶው በመቀስ ተቆርጧል። ትከሻዋ ላይ አራት ጣቶች ቀርተዋል። የአጎቴ ጣቶች ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲታሰስ፣ ከሚፈለግ ሰው ጋር በአንድ ፎቶ መገኘት ራሱ ያስጠይቅ ነበርና እናቴ በልብስ መቀሷ ቆርጣ ፊቱን ከሰል ላይ ጣለችው። «ጣቶቹንስ ለምን ተውሻቸው?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «እነሱን ብቆርጥ እሷን መቁረጤ ነበር» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። አጎቴ አልተመለሰም። የቀረን ሌላ ፎቶ የለውም። ስለዚያ ዘመን ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ያ ወረቀት ይበልጥ ነግሮኛል፤ የነገረኝ ግን እናቴ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ያለ እሷ የተበላሸ ፎቶ ነው፤ ከእሷ በኋላ የሚያገኘው ሰው ሊጥለው ይችላል።

በአርባው ቀን ልጅቷ ዝምታችንን አልተቀበለችም። ፎቶውን በስልኳ አንሥታ ወደ ዘመዶች ላከችው፤ እየደወለችም ጠየቀች። እኔም በዚያው በእርሳስ እንድትጽፍ መከርኳት፤ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊቱ ገጽ ይዘልቃል። ወደ ማታ ከዋሽንግተን አካባቢ አንድ አዛውንት መልሰው ደወሉ። ዲፕሎማት አልነበረም። የቤቱ ሰርቪስ ተከራይ ነበር፤ መርካቶ ጫማ ይሰፋ ነበር አሉ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ልጅቷ የአማርኛ ፊደል አታውቅምና ስሙን እኒያው እናት መነጽራቸውን አድርገው፣ እርሳሱን ተቀብለው ከጀርባው ጻፉላት።