ስለ ብላንድ ፍርድ፤ ምግብ ወይስ ሕክምና?

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ አንጎሉ የተጎዳው አንቶኒ ብላንድ፥ ራሱን ሳያውቅ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ይመገብ ነበር። ሐኪሙና ወላጆቹ ተስማምተው ስለ ነበር፥ የሎርዶች ምክር ቤት በ1993 ምግቡ እንዲቋረጥ ፈቀደ። በቱቦ መመገብ ሕክምና ነው፤ የማይጠቅም ሕክምናም ግዴታ አይደለም ተባለ። ይህን እንቀበላለን፤ ቱቦ እንደ እናት ጉርሻ አይደለምና። ዳሩ ግን ማቋረጥ «አለማድረግ» ነው፥ ገዳይ መርፌ መውጋት ግን ግድያ ነው የሚለው ልዩነት አላረካንም። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ብራውን ዊልኪንሰን፥ በሳምንታት ረኀብ ማስሞት ተፈቅዶ ፈጣኑ ሞት መከልከሉ ለአንዳንዶች ከአእምሮ የራቀ እንደሚመስል፥ ለዚህም ግብረ ገባዊ መልስ ማግኘት እንደ ቸገራቸው ገልጸዋል። ቅንነታቸውን እናደንቃለን፤ ነገር ግን መልሱን ሳያገኙ ሕጉ እንዲህ ነው ብለው ማለፋቸው ፍርዱን አንካሳ አድርጎታል።