በካርቦንና በብረት መሃል ያለች ውሃ

የአርጎን ብየዳ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ከፊቱ ባለው እሳት ላይ ነው። ከኋላው የሚዞረውን ውሃ የሚያስታውሰው ሲቆም ብቻ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዘው ቁጥር 20 ቶርች በጣት የሚያዝ ቀላል ዕቃ ሆኖ ሳለ እስከ 250 አምፔር ይሸከማል። አቅሙን ያገኘው ከመዳቡ ውፍረት አይደለም። ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ቀጭን የመዳብ ገመድ ከቶርቹ የሚመለሰው ውሃ በሚያልፍበት ጎማ ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። ውሃው ከቆመ ገመዱ ይግላል፤ ጎማውም አብሮ ይቀልጣል። የተሰነጠቀ ቴስታታ ይዞ አርባ ደቂቃ ሊበይድ የተቀመጠ ሰው ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ውሃ ላይ ነው።

ውሃውን የሚገፋው ፖምፓ በብዙዎቹ አሜሪካ ሠራሽ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ከቡጢ ብዙም የማይበልጥ የነሐስ ዕቃ ነው። እኔ ከማውቃቸው የተፈቱ ዕቃዎች ሁሉ ውስጡን ማየት የምወደው የዚህን ነው። ከካርቦን ግራፋይት የተሠራ ጥቁር ቀለበት አለ። በቀለበቱ ውስጥ የማይዝግ ብረት ማዞሪያ ይቀመጣል፤ ግን መሃል ለመሃል ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ። በማዞሪያው ላይ ስንጥቆች ተቀድደዋል፤ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ ወጣ ገባ የምትል የካርቦን ምላስ አለች። ማዞሪያው ሲሽከረከር ምላሶቹ ወደ ውጭ ተወርውረው የቀለበቱን ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዳሉ። በአንዱ ጎን በምላሶቹ መሃል ያለው ክፍል እየሰፋ ውሃ ይስባል፤ በሌላው ጎን እየጠበበ ውሃውን ይገፋል። ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም።

ውስጡ ዘይት የለም፤ ግሪስም የለም። ካርቦኑ ከብረቱ የሚለየው በሚሊ ሜትር መቶኛዎች በሚለካ ክፍተት ነው። ክፍተቱን የምትሞላው ስስ ውሃ ማለስለሻም ማሸጊያም ናት። ፖምፓው ደርቆ ከተነሣ ያቺ ውሃ የለችምና ካርቦኑ ራሱን ይበላል፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ አይፈልግም። የጥሩ ጠጋኝ ጥንቃቄ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ልኬት እስከ መጨረሻው ብሎን፣ ያቺን ስስ ውሃ ለመጠበቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ፖምፓ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ጣሊያን ውስጥ የወጣችው ፋኤማ ኢ61 የቡና ማሽን የባሬስታውን ክንድ በኤሌክትሪክ ፖምፓ ከተካች ወዲህ፣ በትልልቆቹ የማኪያቶ ማሽኖች ውስጥ የሚሠራው ፖምፓ የዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ የቡና ማሽን የሚፈታ ባለሙያ የብየዳ ማቀዝቀዣ ሲመጣለት ዕቃውን በመልኩ ያውቀዋል። ጥበቡ የሚለየው ልዩነቱን በማወቁ ነው። ማኪያቶው 9 ባር ገደማ ይፈልጋል። ለብዙ የአርጎን ቶርቾች የሚመከረው ግን ከ3.5 ባር አይበልጥም። ከቡና ማሽን የተነቀለ ፖምፓ በደንብ ይገጥማል፣ በደንብም ይዞራል፤ በጎኑ ያለው የግፊት ቫልቭ ስፕሪንግ ሳይላላ ከተነሣ ግን የቶርቹን ቀጭን ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል።

ልምድ ያለው ሰው ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ይለካል። ተለማማጁ «ጋሼ፣ ፖምፓው አልቋል መሰለኝ፤ እንፍታው?» ሲለው መልሱ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ጆጉን አምጣ» ነው። ወደ ታንኩ የሚመለሰውን ጎማ ነቅሎ ውሃውን በጆግ እየተቀበለ አንድ ደቂቃ ይቆጥራል። አንድ ሊትር ገደማ ከመጣ ቶርቹ ጤነኛ ነው። በዚህ ፍሰት አንድ ኪሎ ዋት ሙቀት የውሃውን ሙቀት የሚጨምረው በ14 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ውሃው ካነሰ ደግሞ ጥፋቱ ገና የፖምፓው አይደለም። ፊልትሮው በቆሻሻ ተደፍኖ ይሆናል፤ ጎማው ከውስጥ አብጦ ይሆናል፤ ወይም የቶርቹ ጠባብ መተላለፊያ ተዘግቷል። ስለዚህ ቶርቹን አውጥቶ ውሃውን በቀጥታ ወደ ታንኩ ይመልስና ደግሞ ይለካል። አንድ ሌላ ቦታም ያያል፤ ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። በፖምፓው ጎን ያለው የግፊት ቫልቭ ላይ ትንሽ ቆሻሻ ከተቀረቀረ ቫልቩ አይዘጋም። ያን ጊዜ ፖምፓው የገፋውን ውሃ መልሶ ራሱ ይስባል። እንዲህ ያለ ፖምፓ ምንም ሳይጎድለው እንዳለቀ ተቆጥሮ ይጣላል።

ማቀዝቀዣው ከአሜሪካ የተላከ ከሆነ ሌላም ጥያቄ አለ። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርደዋል፤ የእኛን 50 ሄርዝ ግን 60 አያደርገውም። በደቂቃ 1725 ጊዜ እንዲዞር የተሠራው ሞተር እዚህ ሲመጣ በ1440 ገደማ ይዞራል፤ ውሃውም በስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። አዲስ ፖምፓ ይህን ይችለዋል። ትንሽ ያረጀው ግን እዚያ ሲሠራ ቆይቶ እዚህ አቃተኝ ይላል። ሞተሩም ከለመደው በላይ ይግላል።

መፍታቱ ግድ ሲሆን የጠጋኙን እጅ ማየት ነው። ፖምፓውን ከሞተሩ ጋር ያቀፈውን ፋሸታ ያላላና ሁለቱን ሳያንገጫግጭ ይለያያቸዋል። የክዳኑን ቀለበት በፒንሳ ያወጣል። ክዳኑ እምቢ ሲል ካቻቢቴ ሰክቶ አይፈለቅቅም፤ ጎሚኒው የሚተኛበት ነሐስ አንዴ ከተጫረ ለዘለዓለም ያንጠባጥባል። ይልቅ ዘንጉን በቀስታ ገፍቶ ክዳኑን ከውስጥ ያስወጣዋል። ንጹሕ ጨርቅ ያነጥፋል፤ የወጣው ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተልና በወጣበት ፊት ይደረደራል።

ከዚያ ንባቡ ይጀመራል። ጤነኛ የካርቦን ቀለበት ውስጡ በጎመን ዘር ታስሶ እንደወዛ ምጣድ ጥቁርና ለስላሳ ነው። በዙሪያው ቀጫጭን መስመር ከተጫረበት አሸዋ ወይም ዝገት ገብቶበታል፤ የፊልትሮው ነገር ይጠየቃል። ሞገድ መሰል ሽብሽብ ካለበት ፖምፓው ውሃ እየጠማው አየር ሲስብ ኖሯል፤ የታንኩ ውሃ ጎድሎ ነበር ወይም የመሳቢያው መስመር ታፍኗል። የምላሶቹ ጠርዝ ከተሸራረፈ ደርቆ ዞሯል። ጠጋኙ ይህን ሁሉ በጣቱ ጫፍ ጭምር ያነብባል፤ ምክንያቱን ሳያገኝ የገጠመው አዲስ ፖምፓ በዚያው በሽታ እንደሚሞት ያውቃል።

እዚህ ላይ የማከብረው መታቀቡን ነው። የተጫረውን ቀለበት በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መልኩን መመለስ ቀላል ነው፤ ዓይንም ይታለላል። ግን የተሸረሸረው ካርቦን አይመለስም። ልኩ ሰፍቷል፤ ቅርጹም ተዛብቷል። ስለዚህ የዘንጉ ሲል ወይም ኩሽኔታው ብቻ ከሄደ እነሱን ይቀይራል፤ ቀለበቱ ከሄደ ግን ሙሉ ፖምፓ ይተካል። መተካትን ከመጠገን ያነሰ ሙያ አድርጎ የሚያይ ሰው አዲሱን ፖምፓ ሲገጥም ይታያል። ቧንቧውን በትልቅ ቁልፍ ጨምቆ የነሐሱን አፍ ያጣምማል፤ የቴፍሎን ክሩን እስከ ጥርሱ ጫፍ ጠቅልሎ ቁራጩ ከምላሶቹ መሃል እንዲገባ ያደርጋል። ጥሩው ሰው የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶዋን ይተዋል። የፖምፓውን ዘንግ ከሞተሩ ስንጥቅ ጋር ሲያገናኝ ፋሸታውን ጥቂት ያጠብቅና ዙሪያውን ቀስ ብሎ ይመታል፤ እንደገና ያጠብቃል። ዘንጉን በእጁ አዙሮ የሚከብድበት ቦታ ካለ ፈትቶ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ታንኩ ታጥቦ በውስጡ የሚገባው የብየዳ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ ካልተገኘ የባትሪ ውሃ። የመኪና አንቲፍሪዝ አይገባም። ፍሳሽ እንዲደፍን የተጨመረበት ነገር ቶርቹንም ይደፍናል፤ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ሌላ ጣጣ ነው። ከማስነሣቱ በፊት ፖምፓው ራሱ ውሃ ይጠጣል፤ የመጀመሪያው ዙር እንኳ ደረቅ እንዳይሆን። ከዚያ የግፊት መለኪያ ተገጥሞ የቫልቩ ዳዶ ይከፈታል፤ ውስጡ ያለው ብሎን ሩብ ሩብ ዙር እየተባለ ቶርቹ ወደሚታገሠው ልክ ይወርዳል። ጆጉም ይመለሳል፤ ደቂቃም ይቆጠራል።

በፖምፓው አንገት ላይ ደግሞ በሲሉና በኩሽኔታው መሃል ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሲሉ ሲያረጅ ውሃው ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በእነሱ ወጥቶ ይታያል። ሲያንጠባጥብ በሲሊኮን የደፈኑት ብዙ ፖምፓ አይቻለሁ፤ ጠብታው ቆሞ ሞተሩ ተቃጥሏል። ጠጋኙ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ያጸዳል፤ ከሥራቸው ደረቅ ወረቀት ያነጥፍና ማሽኑን ለባለቤቱ የሚመልሰው ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ወረቀቱ ሳይረጥብ ሲቀር ነው።