ጽዋውና ላሚቱ

ላሊበላ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ድንጋዩ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1978 በዩኔስኮ መዝገብ የሠፈሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት። ሰውየው በድንጋዩ ተሸፍኗል። ለመሆኑ ገድለ ላሊበላን ስለ ሰው ጠባይ እንደሚናገር መጽሐፍ ያነበበው ስንቱ ነው? ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ እንኳ በብሪቲሽ ሙዚየም ካለ ብራና ቀድቶ፣ ከትርጉም ጋር በእ.ኤ.አ. 1892 አሳትሞታል።

ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ እንደ ዜና መዋዕል አልሞግተውም። እኔን የያዘኝ የመርዙ ክፍል ነው። ላሊበላ ገና አልነገሠም፤ ዙፋኑ ላይ ያለው ወንድሙ ሐርቤ ነው። እህቱ መርዝ የተቀላቀለበት መጠጥ ታቀርብለታለች። ዲያቆኑ ቀድሞ ይቀምስና ይሞታል። መርዙን ያወቀ ሰው ምን ያደርጋል? ጽዋውን ይደፋል፣ ነፍሱን ያድናል፤ ማንም አይፈርድበትም። የገድሉ ላሊበላ ግን በእሱ ፈንታ ከሞተው ሰው ኋላ መቅረት አልሆነለትም፤ ጽዋውን አንሥቶ ይጠጣል። ይህ ሞትን መናቅ አይመስለኝም፤ ባለዕዳነት ነው። ወደ ሰማይ ተነጥቆ አብያተ ክርስቲያናቱን ያየውም በዚያው መርዝ ወድቆ ሳለ ነው። ልብ በሉ፤ በጸሐፊው አሰላለፍ ሕንጻው የመጣው ከጽዋው በኋላ ነው።

በአፍ የሚነገረው ሌላው ትውፊት ደግሞ የላሚቱ ነው። ንግሥት መስቀል ክብራ ባልዋን አግባብታ ዙፋኑን ለሐርቤ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ አስለቀቀችው። የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ግን ለቤተ መንግሥት ማዕድ ብለው የአንድ ድሃ ገበሬ ላም ነዱ። ንግሥቲቱ ይህን ባየች ጊዜ የገዛ ምክሯን ሻረች፤ ባልዋ ተመልሶ እንዲነግሥ አደረገች። ተመራማሪዎች ከትረካው ጀርባ የሥልጣን ሽኩቻ ይጠረጥራሉ። ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ግን ለመንግሥት መለወጥ ምክንያት ሲፈልግ የዘር ሐረግ አልቆጠረም፤ ላም ቆጠረ። በላስታ ተዳፋት ላይ በሬ ጠምዶ የሚውለውን ገበሬ ላየ ሰው ይህ የሚያስቅ አይደለም።

በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚዘረጉትን የስኬት መጻሕፍት (አብዛኞቹ ትርጉም ናቸው) ከዚህ አጠገብ ሳስቀምጣቸው የሚጎድላቸው ምክር አይደለም፤ ምክርማ ሞልቷቸዋል። ባለታሪካቸው ብቻውን በማለዳ ይነሣል፣ ብቻውን ያቅዳል፣ ብቻውን ያተርፋል። ዲያቆኑ የት አለ? ላሚቱ የተነዳችበትስ ሰው? ገድሉ አንድም የአኗኗር ደንብ ሳይዘረዝር ሰው አጠገብ ሰው ያቆማል። በዚህ ይበልጣቸዋል ባይ ነኝ።

እንከን የለውም ግን አልልም። እህቲቱን መርዝ ያስጨብጣታል እንጂ ልቧን አያሳየንም፤ ክፉ ሆና ትገባለች፣ ክፉ ሆና ትወጣለች። የፍልፈላውንም ድካም ለመላእክት ሲያካፍል ጠራቢዎቹ ይደበዝዛሉ። መስቀል ክብራ ለባልዋ መታሰቢያ አስወቀረችው የሚባለው ቤተ አባ ሊባኖስ ዛሬም አናቱ ከአለቱ አልተላቀቀም፤ ዙሪያው ተጠርቦ ጣሪያው ከተራራው ጋር እንደተያያዘ ነው። ያን ጠባብ መተላለፊያ በመሮ የከፈተው ሰው በገድሉ ውስጥ አንዲት ገጽ ቢያገኝ እወድ ነበር።