ሁለቱም ቡድን ተሻለው፤ ታዲያ የስንዴ ቡቃያው ክሬም ምን ሠራ?

ጠዋት ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲራመዱ ተረከዛቸውን ሚስማር የወጋቸው ያህል የሚሰማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ትንሽ ሲራመዱበት ጋብ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲውሉ ደግሞ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ የችግሩ ምንጭ ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋው ጅማት መሳይ ጠንካራ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ፕላንታር ፋሺያ፣ ሕመሙ ደግሞ ፕላንታር ፋሺያይቲስ ይባላል። አይገድልም። ግን ቆሞ ለሚሠራ ሰው፣ ለአስተናጋጅ፣ ለነርስ፣ ለመምህር፣ ለጥበቃ፣ ወራት የሚዘልቅ ስቃይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ይህን ተቀባ» ሲሉት እምቢ ቢል ነው የሚገርመው።

ለዚህ ሕመም ከተሞከሩት ቅባቶች አንዱ ከስንዴ ቡቃያ የሚዘጋጅ ክሬም ነው። ያው በቅሎ ገና ሣር የሚመስለው ለጋው ስንዴ ማለት ነው፤ ጭማቂውን የሚጠጡትም አሉ። ያንግ፣ ኩክ እና ዌብስተር የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ክሬሙን ፈትሸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ኮምፕሊመንተሪ ቴራፒስ ኢን ሜዲስን በተባለው መጽሔት አወጡ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ዝነኛም አይደለም። እኔ ግን «የመድኃኒት ሙከራ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ተማሪ ከትልልቆቹ ይልቅ ይህንን ባሳየው እመርጣለሁ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሕመሙ የቆየባቸው 80 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የስንዴ ቡቃያ ያለበትን ክሬም፣ ሌላው ደግሞ ቡቃያው የሌለበትን ክሬም ወሰደ። ሁለቱም በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት ተቀቡ። ለማን የትኛው እንደደረሰ ተቀቢዎቹም መዛኞቹም አያውቁም። የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ ሕመምና እግሩ ሥራውን ምን ያህል እንደሚሠራ ከመጀመራቸው በፊት፣ በ6ኛው ሳምንት እና በ12ኛው ሳምንት ተለካ።

አሁን ለአፍታ የቡቃያውን ቡድን ብቻ እንይ። በ6ኛው ሳምንት ሕመማቸው በግልጽ ቀንሷል። በ12ኛውም፣ መቀባቱን ካቆሙ በኋላ ማለት ነው፣ መሻሻሉ አለ። እስቲ አስቡት፦ ጥናቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ማስታወቂያው ራሱን በራሱ ይጽፍ ነበር። «በሳይንስ የተረጋገጠ» ይባል ነበር። አንድም የውሸት ቁጥር ሳይገባበት!

የሌላው ቡድንስ? እነሱም ተሻላቸው። በሁለቱ መካከል ከአጋጣሚ የሚያልፍ ልዩነት በየትኛውም ልኬት ላይ አልተገኘም።

የጥናቱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን አንድ ቅባት አይሠራም ሲባል «ታዲያ እኔ የዳንኩት ምኔ ነው?» ብለን እንቆጣለን፤ እንደ ውሸታም የተቆጠርን ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የቡቃያውን ክሬም የተቀባው ሰው «ተሻለኝ» ሲል እውነቱን ነው፤ ተሽሎታል። የማያውቀው ነገር ቢኖር ቡቃያ የሌለበት ክሬም ቢደርሰው ኖሮም እንደዚያው ይሻለው እንደነበር ነው። ይህን ደግሞ ከራሱ እግር ሊያውቅ አይችልም፤ አንድ ተረከዝ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ታሪክ አይኖረውም። ለዚህ ነው ሌላ ቡድን የሚያስፈልገው።

ባዶውን ክሬም የተቀቡት ለምን ተሻላቸው? ይህ ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ ነው። ከዚያ ደግሞ ሰው ወደ ሙከራ የሚመጣው መቼ ነው? ሲብስበት። የሕመም መጠን ከፍ ዝቅ የሚል ስለሆነ፣ በከፋበት ሳምንት የለካችሁት ሰው ምንም ባታደርጉለትም ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተሻለ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በቀን ሁለቴ ተረከዝን ማሸቱም፣ ተስፋውም፣ «እንዴት ነህ?» የሚል ተመራማሪ መኖሩም የየራሳቸውን ይጨምራሉ።

እዚህ ላይ ግን በጥናቱ አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ሦስተኛ ቡድን፣ ምንም ያልተቀባ፣ የለውም። ስለዚህ ከመሻሻሉ ስንቱ የጊዜ፣ ስንቱ የማሸት፣ ስንቱ የተስፋ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ቡቃያው ከባዶው ክሬም እንዳልበለጠ ያሳያል እንጂ ባዶው ክሬም ራሱ ምን እንደሠራ አያሳይም። ሌላው ቁጥሩ ነው፤ 80 ሰው ለሁለት ሲከፈል ትልቅ ልዩነትን ይይዛል፣ ትንሽ ልዩነት ግን ሊያመልጠው ይችላል። ይህን ይዞ «እንግዲያው ትንሽ ይሠራ ይሆናል» ማለት ይቻላል። ያን ትንሽ ልዩነት ለማግኘት በየጊዜው ክሬም ይገዛል ወይ የሚለው የኪስ ጥያቄ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር፦ ቅባቱ የት ይደርሳል? የውስጥ እግር ቆዳ በሰውነታችን ካሉት ወፍራሞቹ አንዱ ነው። ከሥሩ ደግሞ ስንረግጥ ክብደታችንን የሚሸከም ወፍራም የስብ ትራስ አለ፤ የሚያመው ሽፋን ከሁሉም ሥር ነው። ከ500 ዳልተን በላይ ክብደት ያላቸው ሞለኪውሎች በጤናማ ቆዳ ማለፍ እንደሚከብዳቸው የታወቀ ነው። ለሕመም የሚቀባው ዳይክሎፌናክ 300 ያህል ስለሆነ ያልፋል። ለቡቃያው አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠውና ብዙ የሚወራለት ክሎሮፊል ግን ወደ 900 ይጠጋል። በቡቃያው ውስጥ ያለው ሁሉ ክሎሮፊል ብቻ ባይሆንም፣ ክሬሙን የሚያመሰግኑ ሰዎች ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ራሳቸው ቢያነሱት ጥሩ ነበር።

«ሳይንቲስቶች ዕፅዋት ስለማይወዱ ነው» የሚል ካለ እንዶድን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። አይቶ አልቀረም፤ ፈተነው። እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእርግጥ እንደሚገድል ታወቀ። ያም ተክል፣ ይህም ተክል። አንዱ ፈተናውን አለፈ፣ አንዱ ለዚህ ሕመም፣ በዚህ መልክ፣ አላለፈም። ጥናቱ ስለ ጭማቂውም ሆነ ስለ ሌሎች ቅባቶች የሚለው ነገር የለም፤ እኛም ያላለውን አንጨምርበት።

ተረከዙን ለሚያመው ሰው ግን ክሬም ብቻ አይደለም ያለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዲጆቫኒና ባልደረቦቹ 101 ሕመምተኞችን ይዘው ሁለት ዓይነት ማሳሳቢያ አነጻጽረው ነበር። ሰው ጅማቱን እየሳበ መሆኑን መደበቅ ስለማይቻል ባዶ ክሬም ዓይነት ነገር እዚህ አይሠራም። እነሱ ግን ሁለቱንም ቡድን አሠሩ፤ አንዱ የቋንጃውን፣ ሌላው የውስጥ እግሩን ሽፋን ይስባል። ከ8 ሳምንት በኋላ፣ ተመልሰው በተመዘኑት 82 ሰዎች፣ የጠዋቷ እርምጃ ሕመም ይበልጥ የቀነሰላቸው ሁለተኞቹ ነበሩ። 19 ሰዎች በመሐል መጉደላቸውን ልብ በሉ፤ ይህም ትችት ነው፣ ቀላልም አይደለም።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ጠዋት ገና ሳትረግጡ አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ የሚያመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አሳርፉት። ጣቶቹን በእጃችሁ ወደ ቅልጥማችሁ ሳቡና እስከ 10 ቁጠሩ። ይህን 10 ጊዜ ደጋግሙት፤ በቀን ሦስቴ። እግሩ ካበጠ፣ ከደነዘዘ ወይም ሌሊት ተኝታችሁም የሚያማችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ሂዱ።